የሕፃናት ማዕድና የሕፃናት ነርቭ

ሕፃን የሚያመውን በቃል ሊያስረዳ አይችልም። ሆዱን ሲቈርጠው ያለቅሳል፤ ራሱን ሲያመውም ያው ያለቅሳል። ስለዚህ የሕፃን ሕመም ቃል አቀባይ እናቲቱ ናት፤ ሐኪሙም ልጁን ከመመርመሩ በፊት የእርሷን ቃል ያዳምጣል። ሕመሙ የአንጎልና የነርቭ በሆነ ጊዜ ደግሞ የእናት ቃል ዋጋው ይበልጥ ይጨምራል፤ የነርቭ ሕመም ምልክት ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ ታይቶ ልጁ ከሐኪም ፊት ሲቀርብ ይሰወራልና።

ልጃቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘው ከሚመጡት እናቶች አንዳንዶቹ እንዲህ ይላሉ። «ልጄ ደኅና ይራመድ ነበር፤ አሁን ግን ይንገዳገዳል።» «በጠባ ቍጥር ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጣል፤ አንገቱንም ይቈለምማል።» «ዓይኑን አፍጥጦ ይቀርና ጥቂት ቆይቶ ወደ ራሱ ይመለሳል።» «አፉን ፈትቶ ነበር፤ አሁን ግን ዝም አለ።» ከዚህም ቀጥለው «የሚበላው ነገር አልስማማው ብሎ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። ከጎረቤት አንዱ ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው ወተቱን ከልክዪው ይላል፤ ሦስተኛው እንቍላሉንም ተዪው ብሎ ይመክራል። በዚህ መካከል ሳምንቱ ወር ይሆናል፤ ወሩም ዓመት ይሆናል።

በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ነገር ይህ ነው፦ የእናቲቱ ጥያቄ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ ምግብ የሕፃንን አንጎል ሊጎዳ እንደሚችል በሚገባ ተረጋግጧልና። ነገር ግን የጥያቄው መልስ በግምት አይገኝም፤ በሥርዓት ተመልክቶ፣ ጽፎና አስመርምሮ ነው እንጂ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ምግብ ነርቭን የሚነካባቸው ሦስት መንገዶች

ምግብና ነርቭ የሚገናኙባቸውን መንገዶች በሦስት ከፍለን ብንመለከታቸው ነገሩ ይቀልልናል።

የመጀመሪያው፣ ምግቡ በራሱ ለማንኛውም ሰው ጎጂ የሆነ ነገር ሲኖርበት ነው። ለዚህ በሀገራችን የታወቀው ምሳሌ ጓያ ነው። ጓያ ድርቅን የሚችል እህል ስለ ሆነ ሌላው አዝመራ በጠፋበት ዘመን ድኻውን ያተርፈዋል። ነገር ግን ከሌላ እህል ጋር ሳይደባለቅ ለወራት ዋና ምግብ በሆነ ጊዜ፣ በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ይጎዳና እግርን ያደርቃል፤ ሰውየውም በጣቱ እየረገጠና እግሩን እያጠላለፈ በምርኵዝ የሚሄድ ይሆናል። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከድርቅ በኋላ በወሎ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። የጓያ ጉዳት አንዴ ከያዘ የሚመለስ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ለሰው ሁሉ መልካም የሆነ ምግብ ለአንድ ሕፃን ብቻ የማይስማማ ሲሆን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው፤ ወደ ኋላ በሰፊው እንመለስበታለን።

ሦስተኛው፣ ምግቡ በመኖሩ ሳይሆን በመጕደሉ የሚመጣው ጉዳት ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ቢጎድላት የፅንሱ አንጎል በሚገባ አያድግም፤ አዮዲን ያለበትን ጨው መጠቀም የሚገባውም ስለዚህ ነው። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለውም ለነርቭ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ የሚገኘውም በወተት፣ በእንቍላል፣ በሥጋና በዓሣ ነው እንጂ በእህልና በጎመን አይደለም። ይህ የጎደላት እናት የምታጠባው ሕፃን ይፈዛል፤ ይቀመጥ የነበረው መቀመጥ ይተዋል፤ እጁም ይንቀጠቀጣል። በጊዜ ከታወቀ መድኀኒቱ ቀላል ነው፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ በከፊል ሊቀር ይችላል።

አንባቢ ልብ ይበል፤ በሁለተኛው መንገድ ለታመመ ልጅ አንዱን ምግብ መከልከል መድኀኒት ነው፤ በሦስተኛው መንገድ ለታመመ ልጅ ግን ያንኑ ምግብ መከልከል መርዝ ነው። ምልክቱ የሚመሳሰል ስለ ሆነ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም።

በኦስሎ የቀረበ ጥያቄ

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንመለስ። የእናት ጥያቄ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳ ታሪክ በ1934 ዓ.ም. በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ተፈጽሟል።

አንዲት እናት ሁለት ልጆች ነበሯት። ሁለቱም ሲወለዱ ጤነኞች ይመስሉ ነበር። ነገር ግን እያደጉ ሲሄዱ አእምሯቸው አላድግ አለ። ትልቋ ልጅ ከጥቂት ቃላት በቀር አትናገርም፤ አካሄዷም የተገተረ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከዚያም የባሰ ነበር፤ አይራመድም፣ አይናገርም፣ ራሱን ችሎም አይበላም። እናቲቱ ከሐኪም ወደ ሐኪም ዞረች፤ ምክንያቱን የሚነግራት ግን አላገኘችም። እርሷ ግን ሌሎች ያላስተዋሉትን አንድ ነገር አስተውላ ነበር፤ ይኸውም ከልጆቿ የሚወጣ የተለየ ሽታ ነው።

በመጨረሻ ሐኪምም የኬሚስትሪ ሊቅም ወደ ነበሩት ወደ ዶክተር አስብዮርን ፎሊንግ ቀረበች። ዶክተሩ የልጆቹን ሽንት መረመሩ። በዚያ ዘመን የተለመደውን ምርመራ ለማድረግ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባለውን የብረት ውሕድ ቢጨምሩበት፣ ሽንቱ ከዚያ በፊት አይተውት ወደማያውቁት ጥቍር አረንጓዴ ቀለም ተለወጠ። ዶክተሩ ይህን በቸልታ አላለፉትም። እናቲቱ ሽንቱን ደጋግማ እንድታመጣላቸው አደረጉ፤ እርሷም ሳትሰለች አመላለሰች። ከብዙ ድካም በኋላ በሽንቱ ውስጥ ያለው ነገር ፌኒልፓይሩቪክ አሲድ የሚባል መሆኑን ለዩ። ከዚያም በየመጠለያው ይኖሩ የነበሩትን የአእምሮ ደካሞች በመቶ የሚቈጠሩ ቢመረምሩ፣ ይኸው ምልክት ያለባቸው ሌሎች ስምንት ሰዎች አገኙ። ይህም በሽታ በኋላ ፌኒልኬቶኑሪያ ተባለ።

የበሽታው ምክንያት እንዲህ ነው። በወተት፣ በሥጋ፣ በእንቍላል፣ በባቄላና በእህል ውስጥ ያለው ገንቢ ምግብ፣ ማለትም ፕሮቲን፣ በሆድ ውስጥ ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ይፈታል። ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ፌኒላላኒን ይባላል። በጤነኛ ሰው ጉበት ውስጥ ይህን ፌኒላላኒን ወደ ሌላ ጠቃሚ ነገር የሚለውጥ ኤንዛይም አለ። በነዚህ ሕፃናት ግን ይህ ኤንዛይም የለም ወይም ሥራውን አይሠራም። ስለዚህ ፌኒላላኒኑ በደም ውስጥ እየተከማቸ በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ይጎዳል። በሽታው ከአባትና ከእናት በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ወላጆቹ ራሳቸው አይታመሙም፤ ዘሩን መያዛቸውንም አያውቁም። ስለዚህ የማንም በደል አይደለም።

በኦስሎ የነበሩትን ሁለቱን ልጆች ግን ይህ ዕውቀት አላዳናቸውም። መልሱ የተገኘው አንጎላቸው ከተጎዳ በኋላ ነበርና።

ምግቧ ሲለወጥ የተለወጠችው ሕፃን

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሕክምናው እስኪገኝ ወደ ሃያ ዓመት ያህል አለፈ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የሕፃናት ሐኪም ቤት ዶክተር ሆርስት ቢከል የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ይሠሩ ነበር። ሁለት ዓመት የሚጠጋት አንዲት ሕፃን ፌኒልኬቶኑሪያ እንዳለባት በምርመራቸው ተረጋገጠ። ልጂቱ አትቆምም፣ አትራመድም፣ አትናገርም፤ ቀኑን ሙሉ እያቃሰተችና እያለቀሰች ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጭ ነበር። እናቲቱ ምክንያቱ መታወቁ ብቻ አላረካትም። ጧት ጧት ከላቦራቶሪው በር እየቆመች «ለልጄ የሚሆን ነገር መቼ ታገኛላችሁ?» እያለች ሐኪሞቹን ትጠይቅ ነበር።

ሐኪሞቹ ፌኒላላኒኑ የወጣለት ልዩ ምግብ ከወተት ፕሮቲን አዘጋጁ፤ ይህንንም ያደረጉት የተፈታውን ፕሮቲን በከሰል እያጣሩ ነው። በመጀመሪያ ፌኒላላኒን ፈጽሞ እንዳታገኝ ቢያደርጓት የልጂቱ ክብደት መቀነስ ጀመረ። ለካ ያ ጎጂ የተባለው ነገር በጥቂቱ ለዕድገት ያስፈልግ ኖሯል። ስለዚህ ጥቂት ወተት በልክ ተጨመረላት። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጂቱ መዳኽና መቆም ተማረች፤ ዓይኗ በራ፤ ጠጕሯ ጠቆረ፤ ራሷን ማጋጨቱንና ያለማቋረጥ ማልቀሱንም ተወች።

ሐኪሞቹ ግን በደስታ ብቻ አልረኩም። ለውጡ በእርግጥ ከምግቡ የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረባቸው። ስለዚህ ለእናቲቱ ሳይነግሯት በልዩ ምግቡ ላይ ፌኒላላኒን ጨመሩ። ልጂቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ማልቀስና ራሷን ማጋጨት ጀመረች፤ መቆምም እየተሳናት ሄደ። ሲያቋርጡት ደግሞ እንደ ገና ተሻላት። ዛሬ እንዲህ ያለው ፈተና ያለ ወላጅ ፈቃድ አይደረግም። ከታሪኩ የምንማረው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ምግብ መጣሉ የሚታመነው ሲያስቀሩት ምልክቱ ቢቀር፣ ሲመልሱትም ምልክቱ ቢመለስ ነው፤ ይህም በሐኪም ቍጥጥር ሥር ሊደረግ ይገባል። የሥራቸው ውጤት በ1953 ዓ.ም. ታተመ።

ከተረከዝ የተወሰደች የደም ጠብታ

ሕክምናው ቢገኝም አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ልዩ ምግቡ አንጎልን ከጉዳት የሚያድነው ልጁ በተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ሕፃኑ ምንም ምልክት አያሳይም። ይህን ችግር የፈቱት አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት ገትሪ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቡፋሎ ከተማ ሲሠሩ፣ ከሕፃኑ ተረከዝ በመርፌ የተወሰደች የደም ጠብታ በመምጠጫ ወረቀት ላይ አድርቆ መመርመር እንደሚቻል አሳዩ። ማሳቹሴትስ የሚባለው የአሜሪካ ክፍለ አገር በ1963 ዓ.ም. አዲስ የሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ እንዲመረመሩ በሕግ አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ይህንኑ ተከትለዋል። በዚህ ምርመራ ቀድመው የታወቁና ምግባቸው የተስተካከለላቸው ሕፃናት እንደ እኩዮቻቸው አድገው፣ ተምረውና ሥራ ይዘው ይኖራሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሕፃን በወለዱ ጊዜ ተረከዙ ሲወጋ ቢያዩ ምክንያቱ ይህ መሆኑን ያስተውሉ፤ ምርመራውንም አይከልክሉ።

የሆድ ሕመም እንደ ነርቭ ሕመም ሲታይ

ፌኒልኬቶኑሪያ እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ በሽታ ነው። ከእርሱ ይልቅ የሚያጋጥሙ ሌሎች ነገሮችም አሉ።

ብዙ ጨቅላዎች ከጠቡ በኋላ ወተቱ ወደ ጕሮሯቸው ይመለስባቸዋል። አንዳንዶቹን ሲያቃጥላቸው ጀርባቸውን ይለጥጣሉ፤ አንገታቸውንም ወደ አንድ ወገን ያጣምማሉ። ላየው ሰው የሚጥል በሽታ ይመስላል፤ ነገር ግን የሆድ ነገር ነው። የላም ወተት የማይስማማቸው ሕፃናትም ይህን ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። መለያው ምልክቱ የሚመጣበት ሰዓት ነው፤ ይህ ከጡትና ከምግብ በኋላ ሲመጣ፣ የሚጥል በሽታ ግን ምግብን ሳይጠብቅ፣ በእንቅልፍም ጭምር ይመጣል። ቢሆንም የመጨረሻው ፍርድ የሐኪም ነው።

ሁለተኛው የስንዴ ነገር ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ አንጀቱ ይቈስላል፤ ሕፃኑም ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይከሳል። የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቪለም ካሬል ዲከ ይህን ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ ቆይተው፣ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. መካከል በአገራቸው በነበረው የረኀብ ክረምት ዳቦ በጠፋ ጊዜ ሕመምተኞቹ ሕፃናት እንደ ተሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስም ሕመሙ እንደ ተመለሰባቸው ተመለከቱ። ይህ በሽታ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ነርቭንም ይነካል፤ ያንገዳግዳል፣ እጅና እግርን ያደነዝዛል። ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ግሉተን የለባቸውም። ነገር ግን እንጀራው ከገብስ ወይም ከስንዴ ዱቄት ጋር የተቀላቀለ እንደ ሆነ፣ በሶም ገንፎም ከገብስ የተሠራ እንደ ሆነ ይህን መርሳት አይገባም።

በግምት ምግብ መከልከል የሚያስከትለው ጉዳት

አንዳንድ ወላጆች «እስኪ ወተቱን ልተው፤ እስኪ ስንዴውን ላስቀር» እያሉ የልጁን ማዕድ ቀስ በቀስ ባዶ ያደርጉታል። ይህ ከሁለት ወገን ይጎዳል። አንደኛ፣ የሕፃን አንጎል ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ስለ ሆነ፣ በዚህ ጊዜ ወተት፣ እንቍላልና ሥጋ ያለ ምትክ የተከለከለ ልጅ ነርቡን የሚገነባበትን ነገር ያጣል። ሁለተኛ፣ በሽታው ይሰወራል። የሴሊያክ የደም ምርመራ ትክክለኛ መልስ የሚሰጠው ልጁ ስንዴ ወይም ገብስ እየበላ ሳለ ሲደረግ ነው፤ አስቀድሞ ከተከለከለ ምርመራው ደኅና ነው ብሎ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ደንቡ «አስቀድሞ ማስመርመር፣ ከዚያ በኋላ መከልከል» ይሁን። ከዚህ ደንብ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ በበላው ነገር ወዲያው ከንፈሩ ካበጠ፣ ገላው ካሳከከው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ያን ምግብ ዳግመኛ ሳይሰጡት ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ወላጆች ሊያደርጉት የሚገባ

1ኛ. የልጁን ነገር በደብተር መጻፍ። ቀኑና ሰዓቱ፣ የበላውና የጠጣው፣ የታየው ምልክት፣ የቆየበት ጊዜ፣ ከዚያም በፊት ትኵሳት ወይም መውደቅ መኖሩ ይጻፍ። እናቲቱ መጻፍ ባትችል ተማሪ የሆነው ልጇ ይጻፍላት። ሁለት ሳምንት በጥንቃቄ የተጻፈ ደብተር ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

2ኛ. ምልክቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል መያዝ። የእጅ ስልክ ያለው ሰው በአጠገብ ቢኖር መንፈራገጡን ወይም አረማመዱን ይቅረጸው፤ ሐኪሙ ያላየውን ያይበታል።

3ኛ. ልጁ ያውቀው የነበረውን ነገር ከረሳ ዝም አለማለት። መቀመጥ፣ መራመድ ወይም መናገር ጀምሮ የተወ ልጅ «ጊዜው ሲደርስ ይተካዋል» ተብሎ አይቈይም።

4ኛ. ለሐኪሙ ሳይደብቁ መንገር። ከቤተ ዘመድ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት እንዳለ፣ ወላጆቹ በሥጋ የሚዛመዱ እንደ ሆነ፣ ለልጁ የተሰጠ ሥርና ቅጠል እንዳለ፣ ቤቱም በጓያ የሚኖርበት ጊዜ እንደ ነበረ ይነገር።

5ኛ. የእናት ጡትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለማቋረጥ። በእውነት የማይስማማ ነገር በተገኘ ጊዜም ብዙውን ጊዜ የእናቲቱን ምግብ ማስተካከል ይበቃል።

6ኛ. በጠበል የሚታመን ቤተ ሰብ ቢኖር ሐኪም ያዘዘውን መድኀኒት ሳያቋርጥ ያድርገው፤ የሚጥል በሽታ መድኀኒትን በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋልና።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት

ልጁ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተንፈራገጠ ወይም ሳይነቃ ደጋግሞ ከተንፈራገጠ፤ ትኵሳት ይዞት አንገቱ ከደረቀ ወይም የጨቅላው ርግብግቢት ካበጠ፤ አንድ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፤ ፈዝዞ አልነቃ ካለ፤ ይህ የምግብ ነገር ነው ወይስ አይደለም እያሉ መከራከር አይገባም። የማጅራት ገትርና የወባ ትኵሳት ሰዓት አይሰጡም። ወደ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ድረስ ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ በአጠገቡ የሚጎዳውን ነገር ማራቅ ይበቃል። በአፉ ማንኪያ ወይም ጣት መክተት፣ ውኃ መጋት፣ ክብሪት ለኵሶ ማሽተት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሁሉም የነርቭ ምልክት ከምግብ የሚመጣ አይደለም፤ እንዲያውም ከምግብ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። ነገር ግን ጥቂት መሆኑ የእናትን ጥያቄ ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ ሐኪሞችና ነርሶች ሆይ፣ «በበላ ቍጥር እንዲህ ይሆናል» የምትል እናት ስትመጣ አዳምጧት፤ ደብተሯንም ግለጡ። እናቶችና አባቶች ሆይ፣ እናንተም የልጃችሁን ማዕድ በግምት አታጕድሉ፤ ያያችሁትን ጻፉ፤ ጽፋችሁም ቶሎ አምጡ። የሕፃን አንጎል በየቀኑ ያድጋልና ያለ ምክንያት የሚባክን አንድ ወር እንኳ ለእርሱ ብዙ ነው።